የጤና ጽሕፈት ቤቶች ምን ይጋራሉ? ከሞጆ ዙሪያ የተነሣ ዳሰሳ

ሞጆ ላይ መንገድ ይበዛል። ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ የሚወርደው ነባሩ አስፋልት፣ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ ወደ መቂና ባቱ ታጥፎ ሐዋሳ የሚዘልቀው መስመር፣ በእጀሬ በኩል ወደ አረርቲ የሚወጣው መንገድ፣ የኢትዮ–ጂቡቲ ባቡር፣ ሁሉም እዚህ ይገናኛሉ። የአገሪቱን ገቢ ዕቃ ትልቁን ድርሻ የሚያስተናግደው ደረቅ ወደብ እዚሁ ነው። ቆዳ ፋብሪካዎችም እዚህ አሉ። የሞጆ ወንዝ ከተማዋን አልፎ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል።

የጤና ሥራው ግን በቁራጭ የተከፋፈለ ነው። የሞጆ ከተማ አስተዳደር የራሱ ጤና ጽሕፈት ቤት አለው። ከተማዋ ዋና መቀመጫው የሆነችለት የሎሜ ወረዳም የራሱ አለው። በምሥራቅ የአዳማ ከተማና የአዳማ ወረዳ፣ በምዕራብ አድኣና ቢሾፍቱ፣ በሰሜን ምዕራብ ግምቢቹ ይቀጥላሉ። በሰሜን በኩል ደግሞ የሎሜ ወሰን የክልል ወሰን ነው፤ ማዶው በአማራ ክልል የሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በጀት፣ ዕቅድ፣ አምቡላንስና ሪፖርት አላቸው። ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ ቀጥተኛ ነው፤ እነዚህ ጎረቤት ጽሕፈት ቤቶች ዛሬ ምን ይጋራሉ፣ በምን ደንብ ይጋራሉ፣ ምንስ ሊጋሩ ይገባል?

መልሱን ከወዲሁ ልናገር። መጋራት ድሮም ነበር፣ ዛሬም አለ። ከላይ በመዋቅር የወረደው መጋራት በደንብ የተደራጀ ነው። ጎን ለጎን የሚደረገው ግን በባለሙያዎች ትውውቅና በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የጎደለው የመተባበር ፍላጎት ሳይሆን የተጻፈ ሒሳብና የተጻፈ ኃላፊነት ነው።

መዋቅሩ እንዴት እንደተሠራ

የኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት በሕዝብ ብዛት የተሰላ ደረጃ አለው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000፣ የከተማ ጤና ጣቢያ እስከ 40,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው ይይዛል። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያና በሥሩ ያሉ አምስት ጤና ኬላዎች እንደ አንድ ክፍል ይሠራሉ። ከዚህ በላይ አጠቃላይና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች አሉ።

አስተዳደሩ ደግሞ ሌላ መሰላል ነው። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ሲጀመር በጀት በጥቅል ለወረዳ መውረድ ጀመረ፤ ሠራተኛ መቅጠሩ፣ ደመወዝ መክፈሉና ጤና ጣቢያ ማስተዳደሩም በአብዛኛው የወረዳ ሥራ ሆነ። ይህ ትልቅ በጎ ነገር አምጥቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሥር የሰደደው፣ ወረዳው ሥራውን የራሴ ብሎ ስለያዘው ነው። ስለዚህ ስለ መጋራት ሲነሣ ወረዳን ማፍረስ ማለት አይደለም።

ችግሩ የሁለቱ መሰላሎች አለመገጣጠም ነው። በጀት ሲሰላ የነዋሪ ቁጥር ትልቅ ቦታ አለው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሞጆ 30 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ያለው ግምት ነው። ደረቅ ወደቡ፣ የፍጥነት መንገዱና ባቡሩ ከዚያ ቆጠራ በኋላ የመጡ ናቸው። በደረቅ ወደቡ ዙሪያ ጭነት ሲጠብቅ የሚያድረው ሹፌርና ረዳት፣ ከገጠር መጥቶ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ፣ በሪፈር የሚመጣው የገጠር ታማሚ በየትኛውም የነዋሪ መዝገብ በትክክል አይታዩም። የሚታመሙት ግን እዚሁ ነው።

ከላይ የወረደው መጋራት

ስሙ መጋራት ባይባልም፣ ዛሬ በደንብ የሚሠሩት የጋራ አገልግሎቶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው የአዳማ የኅብረተሰብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ ነው። የአካባቢው ወረዳዎች እያንዳንዳቸው የቲቢ ካልቸር ወይም የኤች.አይ.ቪ. የቫይረስ መጠን ምርመራ ላቦራቶሪ ማቋቋም አይችሉም፤ ማቋቋምም የለባቸውም። ናሙናው ከጤና ጣቢያ ወደ ማዕከሉ ይሄዳል፣ ውጤቱ ይመለሳል። በአገር ደረጃ ይህን ናሙና ለማመላለስ የኢትዮጵያ ፖስታ እንዲሠራ መደረጉ ከሁሉ ብልህ ከሆኑት የመጋራት ውሳኔዎች አንዱ ነው። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሞተር ሳይክልና ነዳጅ ከሚያፈላልግ፣ ቀድሞም መስመር ያለው ተቋም ናሙናውን ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው ተቋም በቅርንጫፍ መጋዘኖች ይሠራል፤ አዳማ አንዱ ነው። ሦስተኛው ደም ነው። ቀድሞ በቀይ መስቀል ሥር የነበረው የደም ባንክ አገልግሎት ወደ ጤና ሚኒስቴር ሲዛወር በከተሞች ቅርንጫፎች ተደራጅቷል፤ የአዳማ ደም ባንክ ለከተማው ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ሆስፒታሎች ይሰጣል። አራተኛው ሆስፒታሉ ራሱ ነው። ቀድሞ ኃይለማርያም ማሞ ሆስፒታል ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ከምሥራቅ ሸዋና ከአርሲ አልፎ ከአማራና ከአፋር አካባቢዎች የሚመጣ ታማሚ ያክማል። በፍጥነት መንገዱ ላይ አደጋ ሲደርስም ከሚጠሩት ስሞች አንዱ እሱ ነው።

አምስተኛው የእውቀት መጋራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጤና ሚኒስቴር ሆስፒታሎችን በክላስተር አደራጅቶ፣ የተሻለ የሠራው መሪ ሆኖ ሌሎቹን እንዲያስተምር የሚያደርግ የጥራት ኅብረት አቋቋመ። በኋላም ተመሳሳይ አሠራር ወደ ጤና ጣቢያዎች ወርዷል። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ንጽሕናን ወይም የወሊድ አገልግሎትን ያሻሻለ ሆስፒታል ያንን ልምድ ለጎረቤቱ ማሳየት አለበት።

እነዚህ አምስቱ አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ከወረዳ በላይ የሆነ ባለቤት አላቸው። ማን እንደሚያዝዝ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ማን ተጠያቂ እንደሆነ ይታወቃል። ጉድለት የለባቸውም ማለት አይደለም፤ መድኃኒት ያልቃል፣ ውጤት ይዘገያል። ነገር ግን ጉድለቱ የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ አቤት የሚባልበት በር አለ።

ጎን ለጎን ያለው ክፍተት

ከዚህ መስመር ወጥተን ወደ ጎረቤት ስንሄድ ሥዕሉ ይለወጣል። ከበሽታ ቅኝት እንጀምር። በአገሪቱ የድንገተኛ የኅብረተሰብ ጤና አደጋ አሠራር፣ ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲጠረጠር መረጃው በየደረጃው በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲያልፍ ይጠበቃል፤ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። ይህ ጥሩ መሰላል ነው፤ የሚሄደው ግን ወደ ላይ ነው። በሎሜ ሰሜናዊ ቀበሌ አንድ የኮሌራ ተጠርጣሪ ቢገኝ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ማዶ ያለው የምንጃር ሸንኮራ ጤና ጽሕፈት ቤት በመደበኛው መስመር እስኪሰማ መረጃው ወደ ምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ ወደ ኦሮሚያ ጤና ቢሮ፣ ወደ ኢንስቲትዩቱ ወጥቶ፣ በአማራ ክልልና በሰሜን ሸዋ ዞን በኩል መውረድ አለበት። በተግባር የሚያድነው ስልክ ነው፤ የሚተዋወቁ ባለሙያዎች ይደዋወላሉ። ሰውየው ከተዛወረ ግን መስመሩም አብሮ ይዛወራል።

ይህ የወረቀት ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅና በርበሬ ወረዳዎች የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ በተከታዩ ዓመት በበርካታ ክልሎች ተሠራጭቷል። ኮሌራ ከሰውና ከውኃ ጋር ይጓዛል፤ ሞጆ ደግሞ ሰው ያለማቋረጥ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ጽሕፈት ቤቶቹ የኮሌራ ኪት፣ የውኃ ማከሚያ ኬሚካልና ፈጣን ምላሽ ሰጪ ቡድን በጋራ ቢይዙ፣ ሁሉም ለየብቻው ትንሽ ትንሽ ከሚያስቀምጥ የተሻለ ዝግጁነት ይኖራል።

ወባ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ዳርቻ ለትንኝ አመቺ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሐይቁ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ማኅበረሰቦች የወባ መጠን ከ3 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ካሉት 1.5 እጥፍ፣ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ካሉት ደግሞ 2.3 እጥፍ ነበር። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ወሳኙ ከውኃው ያለው ርቀት ነው፤ ቀበሌው የሎሜ፣ የአዳማ ወይም የቦራ መሆኑ ትንኟን አይመለከታትም። የሐይቁን የውኃ ከፍታ የሚወስነው ደግሞ የኤሌክትሪክ ተቋም እንጂ ጤና ጽሕፈት ቤት አይደለም። ስለዚህ የቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭቱን ጊዜ፣ የአጎበር ሥርጭቱን፣ ያቆረ ውኃ የማፋሰሱን ሥራ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ወረዳዎች በአንድ ካላንደር ካልሠሩት፣ አንዱ ሲረጭ ሌላው ሳይረጭ ይቀራል።

ከዚህ በፊት ሌላ አሠራር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ የወባ ማጥፋት ድርጅት የወረዳን ወሰን ሳይሆን የትንኝን ስፍራ ተከትሎ ይሠራ ነበር፤ ያኔ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ ደግሞ የወባ መቆጣጠሪያ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ነበረች። ያ ድርጅት የራሱ ድክመት ነበረው፤ ሁሉንም ከማዕከል ያዝዝ ነበር፣ ከሌላው የጤና ሥራ ተነጥሎ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራው ወደ ክልሎች ሲወርድ ወደ ሕዝቡ ቀረበ፤ ሰፊውን መልክዓ ምድር በአንድ ዓይን የማየት ብቃት ግን ከፊሉ ጠፋ። ዛሬ የሚያስፈልገው ያንን ዓይን ወረዳውን ሳይነካ መመለስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውንና 1,157 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል። በዚህ ላይ በጂቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ አለች። በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ከተነሣ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች፤ በጂቡቲ መስመር ባሉ እንደ አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ባሉ ከተሞችም ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ሞጆን፣ አዳማንና ቢሾፍቱን የሚመለከት የጋራ ቅኝት ትጠይቃለች፤ አንድ ከተማ ብቻውን የውኃ ታንከር ቢፈትሽ አይበቃም።

የሳንባ ነቀርሳ ሌላ ገጽታ ያሳያል። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል። ሞጆ ላይ ታውቆ ሕክምና የጀመረ፣ አዳማ የሚኖር፣ ሥራው እስከ ጂቡቲ ድንበር ገላፊ የሚወስደው የጭነት መኪና ሹፌር መድኃኒቱን በየቦታው እየወሰደ መጨረስ ይችላል፤ ግን መዝገቡ አብሮት ከሄደ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ–ጂቡቲ መስመር ላይ የተሠሩ የኤች.አይ.ቪ. መከላከል ፕሮግራሞች ይህን ተረድተው መንገዱን እንደ አንድ የሥራ ቦታ ቆጥረውት ነበር። ፕሮጀክቶቹ ሲያበቁ ያ የመንገድ ዓይን በወረዳዎቹ የተለመደ ሥራ ውስጥ በሙሉ ተካቶ አልቀረም።

ስለ አምቡላንስ ሲወራ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ማከፋፈሉ የወላድ እናቶችን ሕይወት ታድጓል። ሆኖም አምቡላንስ የሚቆጠረው በወረዳ ነው፤ ነዳጁ ከወረዳ በጀት ይወጣል፤ ሹፌሩም ለወረዳው ነው የሚታዘዘው። በፍጥነት መንገዱ ላይ አደጋ ሲደርስ የትኛው አምቡላንስ ይውጣ፣ ታማሚውን ወደ አዳማ ወይስ ወደ ቢሾፍቱ ይውሰድ፣ ነዳጁን ማን ይተካ የሚሉት ጥያቄዎች የተጻፈ መልስ ያስፈልጋቸዋል። ሞጆ ከሁለቱም ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የቅርቡ መኪና ይውጣ የሚል ደንብ በሰዓት ከሚለካ ሥራ ጋር ይስማማል፤ የኔ ወረዳ አይደለም የሚል መልስ ግን ሰው ይገድላል።

ወንዙንም መርሳት አይገባም። የሞጆ ወንዝ ከቆዳ ፋብሪካዎች ክሮምና ሌላ ቆሻሻ ተሸክሞ እንደሚወርድ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ፋብሪካው ያለው በከተማው ዙሪያ፣ ውኃውን ለመስኖና ለከብት የሚጠቀመው ደግሞ ታች ያለው ገበሬ ነው። የቁጥጥር ሥልጣኑ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚታመመው ሰው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። የላይና የታች ጤና ጽሕፈት ቤቶች የሕመም መረጃቸውን አንድ ላይ ካላስቀመጡ፣ ጉዳቱ በየመዝገቡ ተበታትኖ ማስረጃ ሳይሆን ይቀራል። ፋብሪካዎች ራሳቸው የጋራ ፍሳሽ ማጣሪያ የሚኖራቸው የሞጆ የቆዳ ከተማ ዕቅድ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ፋብሪካዎች ማጣሪያ ሊጋሩ ከታሰበ፣ የጤና መሥሪያ ቤቶች መረጃ መጋራታቸው እንዴት ይከብዳል?

ገንዘቡ የት ይቆማል?

የመጋራት ጥያቄ ሁሉ መጨረሻው ሒሳብ ነው፤ እዚህ ላይ ከአገራችን ልምድ ብዙ ትምህርት አለ። የመጀመሪያው የነፃ ሕክምና አሠራር ነው። መክፈል የማይችል ሰው ከአስተዳደሩ ማስረጃ ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሆስፒታሉ ያክመዋል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ወረዳው ነው። ይህ ቀድሞውኑ በወሰን ማዶ የሚሠራ ውል ነው።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከኦሮሚያ አራቱ ግምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ። ግምቢቹ የሎሜ ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ ይህ አካባቢ መድኑን ከመነሻው ያውቀዋል። ዛሬ መድኑ አብዛኛውን የአገሪቱን ወረዳ አዳርሷል። በአሠራሩ የወረዳው መድን ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ጋር ውል ይገባል፤ አባሉ በሪፈር ይታከማል፤ ሆስፒታሉ ሒሳቡን ለወረዳው ይልካል። አዳማ ያለው ሆስፒታል ስለዚህ ብዙ ውል፣ ብዙ ሒሳብና ብዙ የክፍያ ጊዜ ያስተናግዳል። አንድ ወረዳ ሲያዘገይ ሆስፒታሉ መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል፤ መድኃኒት ሲያልቅ የሚጎዳው ግን በወቅቱ የከፈለው ወረዳ አባልም ጭምር ነው።

ሌላው ችግር የቋቱ ስፋት ነው። በወረዳ ብቻ የተሰበሰበ መዋጮ፣ ጥቂት ከባድ ሕመምተኞች ሲበዙ ይንገዳገዳል። ቋቱን ከወረዳ ከፍ የማድረግ ሐሳብ በጤና ፋይናንስ ውይይት ሲነሣ የቆየው ለዚህ ነው። በስፋት ሲሰበሰብ አደጋውም ይካፈላል። ነገር ግን ቋቱ ሲሰፋ በጥሩ የሚሰበስበው ወረዳ ለሌላው ስንፍና እየከፈለ እንዳይሰማው የመዋጮና የጥራት ደንብ አብሮ መስፋት አለበት።

እድር የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። እድር የሚሠራው ጎረቤት ስለሚዋደድ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈ ደንብ፣ መዋጮ፣ የዕቃ መዝገብና መቀጫ ስላለው ነው። ድንኳኑና ድስቱ የሁሉም ነው፤ ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ የሚለው ግን በመዝገብ ይታወቃል። ጤና ጽሕፈት ቤቶቻችን ፍቅሩ አላቸው፤ መዝገቡ ነው የቀረው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ይህ የእኛ ብቻ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ ትናንሽ የአካባቢ ጤና መሥሪያ ቤቶች ስለበዙ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በካንሳስ ይህንኑ ጉዳይ የሚያጠናና የሚያማክር ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉ መጋራትን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ሲያስፈልግ መረዳዳት፣ አንድ አገልግሎት በውል መስጠት፣ ፕሮግራም ወይም ባለሙያ በጋራ መያዝ፣ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ መዋሃድ። በኦሃዮ ግዛት የአክረንና የባርበርተን ከተሞች ጤና መሥሪያ ቤቶች ከሰሚት ካውንቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 የተዋሃዱት የመጨረሻውን ደረጃ መርጠው ነው። የዚህ አከፋፈል ጥቅሙ፣ ሁሉም ነገር ውህደት መሆን እንደሌለበት ማሳየቱ ነው።

ብራዚል ሌላ መንገድ ሄደች። ጤና በማዘጋጃ ቤቶች እጅ ሲሆን ትናንሾቹ ስፔሻሊስት ማግኘት አቃታቸው። ስለዚህ ጎረቤት ማዘጋጃ ቤቶች ኮንሶርሲየም እየመሠረቱ ስፔሻሊስት፣ ምርመራና ግዢ መጋራት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሕግም ለዚህ ዓይነት ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው። ፊንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ጤናንና ማኅበራዊ አገልግሎትን ከብዙ መቶ ማዘጋጃ ቤቶች አንሥታ ለ21 የአገልግሎት አውራጃዎች ሰጠች። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2013 ጤናን ለ47 ካውንቲዎች ካወረደች በኋላ፣ ታማሚ ወደ ጎረቤት ካውንቲ ሲሻገር ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ገጥሟታል።

ከእነዚህ ለእኛ የሚቀርበው የብራዚሉ ነው። ወረዳው አይፈርስም፤ ጎረቤቶቹ በአንድ ሕጋዊ ውል አንድ ላይ ይገዛሉ፣ ይቀጥራሉ፣ ይከፍላሉ። የፊንላንዱ መንገድ ጠንካራ የሒሳብ ሥርዓትና ትልቅ የማስተላለፊያ ወጪ ይጠይቃል፤ እኛ ጋ ደግሞ ወረዳን ማንሣት ከሕዝቡ ደጃፍ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሊያናጋ ይችላል።

ስጋቶቹ እውነተኛ ናቸው

መጋራትን የሚፈሩ ሰዎች የሚሉት ባዶ አይደለም። የመጀመሪያው ስጋት ትልቁ ትንሹን ይውጣል የሚል ነው። አዳማ ከሎሜ ቀበሌዎች ጋር በአንድ ገበታ ሲቀመጥ ባለሙያውም መኪናውም ወደ ከተማው ሊሳብ ይችላል። ይህን የሚከላከለው ድምፅን በሕዝብ ብዛት ብቻ ሳይሆን በወረዳ እኩል ማድረግና የገጠር አገልግሎት ዝቅተኛ ወሰን በውሉ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ተጠያቂነት ነው። አምቡላንሱ የሁሉም ሲሆን የማንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የጋራ ነገር አንድ ባለቤት ተቋም ሊኖረው ይገባል፤ ሌሎቹ ተጠቃሚና ከፋይ ይሆናሉ። ሦስተኛው በበጀት ኮድ ያለው ግትርነት ነው። የአንዱ ወረዳ ገንዘብ ለሌላው ወረዳ ሕዝብ ሲወጣ ኦዲተር ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። መልሱ ኦዲተሩን ማለፍ ሳይሆን ውሉን ማሳየት ነው።

አራተኛው የክልል ወሰን ነው። ሎሜና ምንጃር ሸንኮራ በሁለት ክልል ሥር ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥታት ግንኙነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1231 ክልሎች በዘርፍ እየተገናኙ የሚመክሩበትን መድረክ በሕግ አስቀምጧል። የጤና ድንበር ስምምነት ለዚህ መድረክ ከሚስማሙ ጉዳዮች ቀዳሚው ነው፤ ሕመም የማንንም ፖለቲካ አያይም፣ ሁለቱም ወገን የሚያተርፍበት ሥራ ነው።

ከየት ይጀመር?

ከሁሉ በፊት በወሰን ማዶ መረጃ መስጠት ግዴታ ይሁን። ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲጠረጠር ወደ ላይ ከሚሄደው መልእክት ጋር በዚያው 30 ደቂቃ ውስጥ ለሁሉም ጎረቤት ወረዳ እንዲደርስ፣ በስም ሳይሆን በኃላፊነት የተቀመጠ ስልክ ይኑር። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የአምቡላንስና የአደጋ ስምሪት ውል ይጻፍ። የቅርቡ ይውጣ፤ ነዳጁ በወሩ መጨረሻ በሒሳብ ይካካስ። በፍጥነት መንገዱና በደረቅ ወደቡ ያሉ የፌዴራል ተቋማትም በዚህ ውል ውስጥ ይግቡ፤ መንገዱ የእነሱ ነው፣ አደጋው ግን የአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው የቆቃ ዙሪያ የወባ ካላንደር ነው። ርጭት፣ አጎበርና ቅኝት በሐይቁ ዙሪያ ወረዳዎች በአንድ ዕቅድ ይታቀዱ፤ የኤሌክትሪክ ተቋሙም የውኃውን ከፍታ መረጃ ይስጥ። አራተኛው የመድን ሒሳብ ነው። ለአዳማው ሆስፒታል የሚከፈለው ሒሳብ በብዙ ወረዳ በተናጠል ከሚላክ በአንድ የማጥሪያ ሒሳብ ቢያልፍና የዘገየ ወረዳ በግልጽ ቢታይ፣ የመድኃኒት እጥረቱ ከፊሉ ይቃለላል። አምስተኛው የጋራ ባለሙያ ነው፤ የትንኝ ጥናት ወይም የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ እያንዳንዱ ወረዳ ለብቻው መቅጠር አያስፈልገውም፤ ሦስት ወረዳ አንድ ጎበዝ ባለሙያ ቢይዝ ሁሉም ያተርፋል።

ከእነዚህ ሁሉ ቀላሉና የመጀመሪያው ፈተና የሞጆ ከተማና የሎሜ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ውል ነው። መቀመጫቸው አንድ ከተማ ነው፤ ከአንድ ገበያ የሚመጣ ሕመምተኛ ያያሉ፤ አንድ ወንዝ ይጋራሉ። በሁለት ገጽ ወረቀት ላይ ማን ምን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያሳውቅ ቢጽፉና ለአንድ ዓመት ቢሠሩበት፣ የሚገኘው ልምድ ለመቂ፣ ለባቱና ለቢሾፍቱ ይተርፋል። ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መዋቅርና የውጭ ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልግም። የሚጠበቀው የሁለት ኃላፊዎች ፊርማና ፊርማው እንዲከበር የሚጠይቅ ሕዝብ ነው።